ሦስት ሽማግሌና አንድ ወንበር

ማውንት ቡለር፣ ጁላይ 1 ቀን 2014

ስልኬ አልተበላሸም፤ የዘጋሁት እኔ ነኝ።

ይድረስ ለተከበሩ እህቴ ለእትዬ ማንተግቦሽ። እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ብርዱ ሲጀምር እንደሚያምዎ አውቃለሁና አስቤዎታለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ዘንድሮ በረዶው በአንዴ ወርዶ ተራራው በእንግዳ ሞልቷል።

የጠየቁኝን ልመልስ። አዎ፣ አይቻለሁ። ያሳየችኝ ግን እሷ አይደለችም። እዚህ ምግብ የሚያበስለው ሰው አምና ፌስቡክ ከፍቶልኝ ነበር፤ እኔ ገብቼበት አላውቅም። ባለፈው ወር አንድ እሑድ ጧት «ዜግ፣ ይቺ ልጅህ አይደለችም?» ብሎ ስልኩን ዘረጋልኝ። ናዝራዊት ቀለበት አድርጋለች። ልጁ ምግብ ቤት መሀል በጉልበቱ ተንበርክኳል። ከሥሩ መቶ ዘጠና ሰው «እንኳን ደስ አላችሁ» ብሏል። እኔ መቶ ዘጠና አንደኛው መሆኔ ነው።

እናቷ ከሞተች ወዲህ እርስዎና እኔ ነን ያሳደግናት። ስታገባ ከምግብ አብሳይ መስማት አልነበረብኝም።

አልከለከልኩም። ለእሷም እንደዚሁ ይንገሩልኝ። ወጉ ይድረስ ነው ያልኩት። ልጄን የፈለገ ሽማግሌ ይላክ፤ ሽማግሌ ደግሞ የሚላከው አባት ቤት ነው። የእኔ ቤት ከጁን እስከ ሴፕቴምበር እዚህ ነው። ሎጁን የማስተዳድረው እኔ ስለሆንኩ በዚህ ወቅት ጥዬ መውረድ አልችልም። መምጣት ከፈለጉ ይምጡ። ካልፈለጉም የእኔ ጥፋት አይደለም።

ጉልበትዎን በሙቅ ውኃ ይያዙት።

ወንድምዎ ዘገዬ


ኮሊንግዉድ፣ ሜልበርን፣ ጁላይ 5 ቀን 2014

ዘገዬ ወንድሜ፣ ሰላም ላንተ ይሁን።

ጉልበቴ ደኅና ነው፤ በሰባ ዓመቴ ፖስታ ቤት ድረስ ካስኬድከው በኋላ ደግሞ ተፍታቷል። ከደርግ ዘመን ወዲህ ደብዳቤ ጽፌ አላውቅም።

ናዝራዊት አሥራ አንድ ጊዜ ደውላልሃለች። አንዱን አንሥተህ ቢሆን መቶ ዘጠና አንደኛነትህን ለራሷ ትነግራት ነበር። ከእኔ ሰምታ ግማሽ ቀን አለቀሰች፣ ግማሽ ቀን ተቆጣች። ቀለበቱን እሷም አታውቅም ነበር። ፎቶውን የለጠፈችው የልጁ እህት ናት፤ እዚያው ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች። እኔ አምናታለሁ። ራሷ ተራራ ልትወጣልህ ተነሥታ ነበር፤ ሽማግሌ ሳይሄድ ልጅ አትሄድም ብዬ የያዝኳት እኔ ነኝ። ወግ ካልክ ወግ ነው።

መልእክትህን ለልጁ አድርሻለሁ። ስሙ ሩቤል ነው። በሦስተኛው ቀን አቶ ሳህሉ በሬን አንኳኩ። ታውቃቸዋለህ፤ ከእኔ ሁለት ፎቅ በላይ ያሉት፣ አዲስ አበባ ጂኦግራፊ ሲያስተምሩ የኖሩት። የልጁን ሽማግሌዎች የሚመሩት እሳቸው ናቸው። ሁለተኛው ካሣዬ ነው፣ ታርኔት ሰፈር ያለው ባለታክሲ። ሦስተኛው ፓስተር በዳሳ፣ የነሩቤል ቤተ ክርስቲያን መጋቢ።

ጴንጤ መሆኑን ሰበብ እንዳታደርግ። ልጁን መርምሬዋለሁ። የሁዳዴ ጾም ላይ መጥቶ የኩሽናዬን መብራት ሠራልኝ፤ ሥራው ኤሌክትሪክ ነው። ምሳ ለእሱ የተለየ ልሠራ ስነሣ «እትዬ፣ እርስዎ የሚበሉትን ነው የምበላው» ብሎ ሽሮዬን በላ። ደገመም።

ልጅቷ ግን ያንተ ልጅ ናት። «ከፍልሰታ በፊት መልስ ካልሰጠ የጋብቻ ሬጂስትሪ ቡክ አድርገን እንፈርማለን። ከዚያ በኋላ አባቴን አልለምንም» ብላለች። ስትናገር ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ ያስፈራኝም እሱ ነው። ፍልሰታ ኦገስት 7 ይገባል። ቁጠረው።

አቶ ሳህሉ መንገዱ እንዴት እንደሆነ ጠይቂልኝ ብለዋል። እኔ ደግሞ የምጠይቅህ ሌላ ነው። ቤትህ ስንት ወንበር አለው? ሦስት ሽማግሌ ማስቀመጥ አለብህ።

እህትህ ማንተግቦሽ


ማውንት ቡለር፣ ጁላይ 9 ቀን 2014

ይድረስ ለእትዬ። ጤናዎ እንዴት ነው?

ስለ ፎቶው የነገሩኝን ሰምቻለሁ። አላውቅም ነበር። እሱን ሌላ ጊዜ እናወራዋለን።

ስለ መንገዱ ላሉት፣ እንዳለ ልጻፍልዎ። ከሜልበርን ማንስፊልድ ድረስ ማንም ይነዳል። ከማንስፊልድ እስከ ተራራው ግርጌ ግማሽ ሰዓት ነው፤ እሱም ምንም አይል። እዚያ ኬላ አለ። ከኬላው በኋላ አሥራ ስድስት ኪሎ ሜትር ጠመዝማዛ ነው፤ በአንድ በኩል ዛፍ፣ በሌላ በኩል ምንም። አስፋልት መስሎ የሚያታልል በረዶ አለ፤ እግርዎን ካላሳረፉበት አያውቁትም። የጎማ ሰንሰለት ያልያዘ መኪና ኬላውን አያልፍም። ሰንሰለቱንም የሚያስርልዎት የለም፤ በረዶ ላይ ተንበርክኮ በባዶ እጅ ነው። ይህን ሁሉ አልፈው ላይ ቢደርሱ መኪናው መንደሩ ውስጥ አይገባም። ማቆሚያው ላይ ትተውት በሌላ ታክሲ ነው የሚመጡት። ባለፈው ሳምንት አንድ ጂፕ አፋፍ ላይ ተንጠልጥሎ ውሎ አድሯል።

አቶ ሳህሉ የሰባ አራት ዓመት ሰው ናቸው፣ ስኳርም አለባቸው። እኔ ይህን ኃላፊነት አልወስድም። እስከ ሴፕቴምበር ቢታገሱ በረዶው ይቀልጣል፣ እኔም እወርዳለሁ። እንዲያ ብለው ያስረዷት።

ወንበር አይቸግርም። የሎጁ ምግብ ቤት ስልሳ ወንበር አለው።

ወንድምዎ ዘገዬ


ኮሊንግዉድ፣ ጁላይ 14 ቀን 2014

ዘገዬ፣ እንዴት ከረምክ?

ደብዳቤህን ለአቶ ሳህሉ አነበብኩላቸው። አስደገሙኝ። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው «ይሄ ሰው እምቢ አላለም፤ እየፈተነን ነው» አሉ። አባት እንዲህ ካላደረገ ልጁን አይወዳትም ማለት ነው ብለው አመሰገኑህ። ካርታ አምጥተው ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉና የኔን የልብስ መስፊያ ክር ወስደው አሥራ ስድስቱን ኪሎ ሜትር ከመታጠፊያ መታጠፊያ ለኩ። ክሩን አልመለሱልኝም።

ካሣዬ ሰንሰለት ገዝቷል። ቅዳሜ ታርኔት በሩ ላይ ሲለማመድ ዋለ። ሚስቱ ሰዓት ይዛ ትቆጥርለታለች። ሲጀምር አርባ ደቂቃ ፈጀበት፣ ወደ ማታ አሥራ አንድ አደረሰው። ጎረቤቱ ጎማ እየተሰረቀ መስሎት በፒጃማ ወጥቶ ነበር። «መንገዱ ያስፈራል ይላል ወንድሜ» ስለው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «እትዬ፣ የዓባይን በረሃ በኤንትሬ፣ ሰባ ኩንታል ጭኜ ወርጄ ወጥቻለሁ። የፈረንጅ መጫወቻ ያስፈራኛል?» ኤንትሬ የነዳበትን ዘመን ስቆጥር ሠላሳ ሦስት ዓመት ሆነው። እሱን ግን አልነገርኩትም።

ፓስተሩ ለጉዞው ሦስት ቀን ጸልየዋል። አቶ ሳህሉም በበኩላቸው ተስለዋል፤ ለማን እንደሆነ አልነገሩኝም።

ሴፕቴምበር ያልከውን ለናዝራዊት ነገርኳት። የመለሰችውን አልጽፍልህም። በእንግሊዝኛ ነበር።

ቀኑ ጁላይ 26፣ ቅዳሜ ነው። ፓስተሩ እሑድ የሚሰብክላቸው ሰው ለምነው አግኝተዋል፣ ካሣዬ ሺፍቱን ለሌላ ሰጥቷል። ይመጣሉ።

ስለ ሎጁ ስልሳ ወንበር ጻፍክልኝ። እኔ የጠየቅሁህ ስለ ቤትህ ነበር።

ማንተግቦሽ


ማውንት ቡለር፣ ጁላይ 18 ቀን 2014

እትዬ፣

በእውነት ይመጣሉ ማለት ነው?

እንግዲያው መኪናውን ይተዉት። ባለፈው የጻፍኩትን እርሱት፤ ይህን ይያዙ። ቅዳሜ ጧት ከሳውዘርን ክሮስ ጣቢያ ወደ ማንስፊልድ አውቶቡስ አለ። ማንስፊልድ ሲወርዱ ወደ ተራራው የሚወጣው ሌላ አውቶቡስ ይጠብቃቸዋል። ሾፌሮቹ መንገዱን በየቀኑ የሚመላለሱበት ናቸው፤ ሰንሰለታቸውን ራሳቸው ያስራሉ፤ መንደሩ መሀል ድረስ ያደርሳሉ። ፌርማታው ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ። አራት ክረምት እዚህ ኖሬ ያየሁት ይህን ነው፦ መኪና የሌለው ሰው ነው በሰላም የሚደርሰው።

አንሰማም ካሉ ደግሞ የሚከተለውን ለጋሼ ካሣዬ ቃል በቃል ያንብቡላቸው። ታክሲ ቫናቸው የሚሄደው በናፍጣ ከሆነ ታርኔት እንዳይሞሉ። የከተማ ናፍጣ እዚህ ሲያድር እንደ ቅቤ ይረጋል። ማንስፊልድ ያለው ማደያ ለብርድ የተዘጋጀ ይሸጣል፤ ባዶ አድርሰው ከዚያ ይሙሉ። ሰንሰለት እሰሩ የሚለውን ምልክት ሲያዩ ወዲያው ይቁሙ፤ ትንሽ እንለፍ አይባልም። ሲያቆሙ የእጅ ፍሬን አይያዝ፤ በብርድ ተጣብቆ ይቀራል። ሱፍ ልብስና ስስ ጫማ አይደረግ። አቶ ሳህሉ ከኪሳቸው ከረሜላ አይጥፋ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ ወደ ላይ መውጣት የለም፤ ፀሐይ ስትዞር መሬቱ መስተዋት ይሆናል።

የእንግዶቹ ሳሎን ከሰባት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ነው፤ እንድንጠቀምበት ተነጋግሬ ተፈቅዶልኛል። ጥሩ ሳሎን ነው፤ ምድጃ አለው፣ መስኮቱ ሸለቆውን ያሳያል። ሰዓቱ እንዳያልፍባቸው አደራ።

ሌላም የምጽፍልዎ ነገር ነበረኝ። ጀምሬ ቀደድኩት።

ዘገዬ


ኮሊንግዉድ፣ ጁላይ 22 ቀን 2014

ዘገዬ ወንድሜ፣

አነበብኩለት፤ ቃል በቃል። ናፍጣው ላይ ስደርስ «አዎ፣ አዎ» አለ። አዎ አዎ የሚል ሰው አልሰማም ማለት ነው።

አውቶቡሱ አልሆነም። አቶ ሳህሉ ወደውት ነበር፣ ፓስተሩም «እኔ በእግሬም ቢሆን» አሉ። ካሣዬ ግን «ሽማግሌ ትኬት ቆርጦ፣ የበረዶ መንሸራተቻ ስኪ ከተሸከሙ ልጆች ጋር ተሰልፎ፣ አባት ቤት ሄደ ሲባል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?» ብሎ አሸነፋቸው። ሱፍ ልብሳቸውንም አይተዉም። ከሥር ፒጃማ እንዲደርቡ አስምያቸዋለሁ።

ሌላም አስምያቸዋለሁ። መልስ እስኪያገኙ ድረስ አይቀመጡም፤ እህል ውኃህንም አይቀምሱም። የጥንቱ ወግ ነው። አቶ ሳህሉ «እኔን ወግ ታስተምሪኛለሽ?» ብለው ተቀየሙኝ። ይቀየሙ።

ጥቅል በእጃቸው ልኬልሃለሁ። ሲደርሱ ለብቻህ ሆነህ ክፈተው።

የቀደድከውን ደብዳቤ መልሰህ አትጻፈው። ሰው ሁሉን ነገር በወረቀት አይናገርም።

እህትህ


ማውንት ቡለር፣ ጁላይ 27 ቀን 2014

እትዬ፣ ሦስቱም ደኅና ናቸው። አሁን አውቶቡስ አሳፍሬያቸው መመለሴ ነው። ይህ ሲደርስዎ ሁሉን ከእነሱ ሰምተዋል፤ ቢሆንም ከእኔም ይስሙት።

ትናንት ከሰባት ሰዓት ጀምሮ መኪና ማቆሚያው ላይ ቆምኩ። ስምንት ሆነ። ዘጠኝ ሆነ። በረዶ መውረድ ጀመረ፤ ሳሎኑም ለእንግዶቹ ተለቀቀ። ወደ ሎጁ ተመለስኩ። አሥር ሰዓት ላይ መንገድ ላይ በረዶ የሚጠርገው ሾፌር በሬዲዮ ጠራ። «ሱፍ የለበሱ ሦስት ሽማግሌዎች ዜግን ይፈልጋሉ» አለ። የሰማ ሁሉ ሳቀ። እኔ ወደ ማቆሚያው ተመለስኩ።

ጋሼ ካሣዬ ሰንሰለቱን በአሥር ደቂቃ አስረውታል፤ የኋላ ጎማው ላይ። ኤንትሬ የሚገፋው በኋላ ጎማ ነበር። የእሳቸው ቫን የሚሄደው በፊተኛው ነው። ታርኔት ሲለማመዱ የዋሉት እንዳለ ተሳስተው ነው። ስምንተኛው መታጠፊያ ላይ ቫኑ ዞሮ ፊቱን ወደ መጣበት መለሰ። አቶ ሳህሉ ቅዱስ ሚካኤልን ጠሩ፣ ፓስተር በዳሳ እጃቸውን ዘርግተው በኢየሱስ ስም ጮኹ፤ ቫኑ ገደሉ ሳይደርስ ቆመ። የማን ጸሎት ነው በሚለው ላለመከራከር ተስማምተዋል። ሾፌሩ ደርሶ ሰንሰለቱን ፈትቶ በፊት ጎማ አሰረላቸውና እየመራ አወጣቸው።

ሲደርሱ አሥራ አንድ ተኩል ነበር። ሳሎኑ ሞልቷል። ከቤቴ በቀር የምወስዳቸው ቦታ አልነበረኝም።

እትዬ፣ ቤቴ ከውኃ ማሞቂያው ከቦይለሩ አጠገብ ያለች አንዲት ክፍል ናት። አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ በረዶ የሚያቀልጥ የጨው ባልዲ፣ አካፋ። ማናጀር አይደለሁም። ደረጃ እጠርጋለሁ፤ አርባ ሁለት ደረጃ ነው። ቆሻሻ አወጣለሁ፣ ቦይለር እጠብቃለሁ። የምሠራበት ፋብሪካ ሲዘጋ ያገኘሁት ይህን ነው። ያን ጊዜ ለናዝራዊት «ሎጅ አስተዳድራለሁ» አልኳት፤ ከዚያ መመለሻው ጠፋኝ። ሽማግሌ ቤቴ ይምጣ ያልኩትም እንደማይመጡ ስለተማመንኩ ነው። ተናድጄ ነበር፤ ግን ንዴቱ ብቻ አልነበረም። ሠርጉ ላይ የሙሽሪት አባት ምን ይሠራል ሲባል ምን እንደምል አስቤ ነበር።

በሩን ከፈትኩ። ገብተው ቆሙ። የትከሻቸው በረዶ እየቀለጠ መሬቱ ላይ ይንጠባጠባል። «ተቀመጡ» ማለት ነበረብኝ፤ ወንበሩ ግን አንድ ነው። አቶ ሳህሉ ቀደሙኝ። «አንቀመጥም። የመጣንበትን ሳትሰማን አንቀመጥም፤ ውኃህንም አንቀምስም።» ወንበሬን ማንም አላየውም። ወይም አይተው እንዳላዩ ሆነዋል። ሻይ አፍልቼ ነበር። ፓስተሩ ጥርሳቸው እየተንቀጫቀጨ ኩባያውን አይተው ዓይናቸውን አነሡ፤ እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ከዚያ አቶ ሳህሉ ተናገሩ። የልጁን ወላጆች፣ ሥራውን፣ ጠባዩን፣ አሳምረው። የቦይለሩ ድምፅ ሲበረታ ያቆማሉ፣ ሲቀንስ ይቀጥላሉ። እንዲያ ዓይነት ንግግር ከሰማሁ ብዙ ዘመኔ ነው።

እኔም እንደ ወጉ መለስኩ። «ሰምቻለሁ። ከዘመድ ልምከርበት፤ በአሥራ አምስት ቀን ተመለሱ» አልኩ። በመጀመሪያው ቀን እሺ እንደማይባል ያውቃሉ። እጅ ነሥተው ወጡ። እውነቱን ልንገርዎ፣ ያልኩት ለወጉ አይደለም። ከክፍሌ እንዲወጡልኝ ነው።

በሩን ከዘጋሁ በኋላ ነው ያሰብኩት። ሦስት ሰው፣ በዚያ መንገድ፣ በዚያ በረዶ፣ እህል ሳይቀምሱ፣ አንደኛው ስኳር ያለባቸው። ኮት ሳልደርብ ሮጥኩ። ማቆሚያው ጋ ስደርስ ቫኑ ቆሟል፤ ሦስቱም ውስጡ ናቸው። ከታች ዛፍ ወድቆ መንገዱ እስከ ጧት ተዘግቷል። ዛፍ ወደቀ ሲባል እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። የመኪናውን መስኮት አንኳኳሁ። ጋሼ ካሣዬ መስኮቱን ዝቅ አድርገው «አሥራ አምስት ቀን አልሞላም፣ ምን ልትሠራ መጣህ?» አሉኝ።

ወደ ቤቴ ግን አልመለስ አሉ። «መልስ ያልሰጠ ሰው ቤት አናድርም።» ማናጀሯን፣ እውነተኛዋን ማለቴ ነው፣ ለመንኳት። ባዶ አልጋ አልነበራትም። እንግዶች የስኪ ጫማቸውን የሚያደርቁበት ክፍል አለ፤ እንደ ምድጃ የሚሞቅ፣ በካልሲ ሽታ የታፈነ። አቶ ሳህሉ በሩ ላይ ቆመው «ይሄ ያንተ ቤት ነው?» አሉኝ። «የእኔ አይደለም፤ የጫማ ነው።» «እንግዲያስ ይሆናል» ብለው ጋቢያቸውን ተከናነቡ። ከመኪና ያመጡትን ዳቦ በሉ። የእኔን አልነኩም።

ዛሬ ጧት አንድ ሰዓት ላይ በሬ ተንኳኳ። ሦስቱም ክራቫታቸውን አስረው ቆመዋል።

«ተመለሱ ብለኸን ነበር፤ ተመልሰናል» አሉ አቶ ሳህሉ።

«አሥራ አምስት ቀን ነበር ያልኩት።»

«ያን ካልሲ አሽትተህ ቢሆን አሥራ አምስት ቀን ሞልቷል ትለን ነበር» አሉ ጋሼ ካሣዬ። አቶ ሳህሉ ገላመጧቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ዘገዬ፣ መንገድህን አይተነዋል። ሁለተኛ እንምጣ ብትለን እንመጣለን። ግን አንተም ሌሊቱን እንዳልተኛህ ፊትህ ይናገራል» አሉኝ።

ሰጥቻለሁ አልኩ። ልጄን ሰጥቻለሁ።

እንግዲህ መቀመጥ ነበረባቸው። አቶ ሳህሉ ወንበሩ ላይ፣ ፓስተሩ አልጋዬ ላይ፣ ጋሼ ካሣዬ የጨው ባልዲውን ባዶ አድርገው ገልብጠው። እኔ ቆምኩ። ያለኝ ኩባያ ሁለት ነው፤ እየተቀባበሉ ጠጡ። ፓስተሩ መረቁ፣ አቶ ሳህሉም መረቁ። ስለ ቤቴ ማንም አንዲት ቃል አልተናገረም።

መንገዱ ሲከፈት ቫኑ አልነሣ አለ። ናፍጣውን ታርኔት ነው የሞሉት። ስለዚህ በአውቶቡስ ወረዱ፤ ትኬት ቆርጠው፣ ስኪ ከተሸከሙ ልጆች ጋር ተሰልፈው። ጋሼ ካሣዬ መጨረሻ ነበሩ፤ የማንንም ዓይን አላዩም። የቫኑን ቁልፍ ለእኔ ትተውልኛል። ጥቅልዎ በግርግሩ እዚያው ውስጥ ቀርቷል፤ ገና አላወጣሁትም።

አንድ ነገር ይርዱኝ። ማናጀር አለመሆኔን ለናዝራዊት እርስዎ ይንገሩልኝ። እኔ አልችልበትም።

ዘገዬ


ኮሊንግዉድ፣ ጁላይ 30 ቀን 2014

ዘገዬ ወንድሜ፣ እንኳን ደስ ያለህ። እንኳን ደስ ያለን።

አልነግራትም። ታውቀዋለች። እኔም አውቀዋለሁ። በመጀመሪያው ክረምት ስልክህ ለሳምንት ሲጠፋብን ናዝራዊት ወደ ሎጁ ደወለች። ማናጀሩን አቅርቡልኝ ስትል አንዲት ሴትዮ ቀረበች። የለም፣ ዘገዬ የሚባለውን ነው ስትላት «ኦ፣ ዜግ! ደረጃው ላይ ነው፤ ልጥራልሽ?» አለቻት። ልጅቷ አትጥሪው ብላ ዘጋች። ወደ እኔ ዞራ «ራሱ እስኪነግረኝ አልሰማሁም፤ አንቺም አልሰማሽም» አለችኝ። አራት ክረምት ጠበቅንህ። ሳሎኑ ተፈቀደልኝ ብለህ ስትጽፍ ደግሞ ሳቅሁ። ማናጀር ማንን ነው የሚያስፈቅደው?

ሽማግሌዎቹ እሑድ ማታ ከአውቶቡስ ወርደው ቀጥታ ወደ እኔ መጡ። ካልሲ ካልሲ ይሸታሉ። ስለ ቤትህ ስጠይቃቸው አቶ ሳህሉ «ሞቃት ነው» አሉ። ሌላ አልጨመሩም። ካሣዬ ስለ ናፍጣው ሳነሣበት ጨዋታ ይለውጣል። አውቶቡሱን ግን «ለካ እንቅልፍ ይወስዳል» አለኝ። ፓስተሩ ጉንፋን ይዟቸዋል፤ ሩቤል ሾርባ ያመላልሳል።

ለልጅቷ «ሰጥቷል» ስላት ሶፋዬ ላይ ቁጭ አለች። አላለቀሰችም። «ሁለተኛ ጊዜ ሳይወጡ?» አለችኝ። ከካልሲው ክፍል ወጥተዋል አልኳት።

ጥቅሉን ክፈተው። ሦስት ታጣፊ ዱካ ነው፤ ዓሣ አጥማጆች የሚይዙት። ስልሳ ወንበር ብለህ የጻፍክልኝ ዕለት ነው የገዛሁት። ለብቻህ ክፈተው ያልኩህ ለዚህ ነበር፤ ባልዲ ላይ ሰው ማስቀመጥህ ካልቀረ ምን ዋጋ አለው።

ቅዳሜ ናዝራዊት ትመጣለች፤ ብቻዋን፣ በአውቶቡስ። የካሣዬን ቫን ላወርድ ነው ትላለች። ሦስት ሽማግሌ ያልቻለውን ቫን። አንተም እንደዚያ እመንላት። እኔ እንደነገርኩህም አታውቅ።

ምን እላታለሁ ብለህ እንደምትጽፍልኝ አውቃለሁ። አትጠይቀኝ።

እህትህ ማንተግቦሽ


ማውንት ቡለር፣ ኦገስት 2 ቀን 2014

እትዬ፣

ዱካዎቹ ጥሩ ናቸው። አንዱ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፍልዎ፤ ደረጃው ላይ፣ ባልዲው አጠገቤ ነው። ሁለቱን ክፍሌ ውስጥ ዘርግቻቸዋለሁ። ሦስተኛ ኩባያም ተውሻለሁ፤ ለማን እንደሆነ አላውቅም፤ ሁለት ሰው ነን።

ዛሬ ፀሐይ ወጥታለች። ቫኑ ትናንት ተነሥቷል። ጠራጊው ሾፌር የሆነ ፈሳሽ ጨምሮበት፣ ሙቀት ሲያገኝ ናፍጣው ሟሟ። ለማንም አልተናገርኩም። አትምጪ፣ ተሠርቷል እንዳይሏት ፈርቼ ነው። መልሼ አጥፍቼዋለሁ። እሷ ስትመጣ አብረን «እንሞክረው» እንላለን።

አትጠይቀኝ ስላሉ አልጠየቅሁም። ራሴ አሰብኩት። መጀመሪያ እንኳን ደስ አለሽ እላታለሁ። ከዚያ ደረጃውን አሳያታለሁ። በደንብ የተጠረገ ደረጃ ነው፤ በአራት ክረምት አንድ ሰው አልወደቀበትም።

ማናጀሯ አርባ ሁለቱም ደረጃ እስከ ስድስት ሰዓት ጨው ይረጭበት ብላለች። አሥራ ዘጠነኛው ላይ ነኝ። አውቶቡሱ የሚደርሰው ስድስት ሰዓት ስለሆነ እስከዚያ እጨርሳለሁ ብዬ…

ሰንሰለት ያሰረ አውቶቡስ ከሩቅ ይሰማል። ከመታጠፊያው በታች ነው። ቀድሞ ነው የመጣው።

ባልዲውን እዚሁ ትቼዋለሁ። ይህን ወረቀት እሷው ታመጣልዎታለች፤ ልሂድ።